ለየካ ጉባኤተኞች፦ ድምፃችሁን ለአንዱዓለም ስጡ

(ከኢዜማ ጠቅላላ ጉባኤ በፊት፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. የካ ውስጥ ለጉባኤ ተወካዮች የተደረገ ንግግር። ሙሉ ቃሉ።)

ከካራ፣ ከኮተቤ፣ ከላምበረት፣ ከሾላ፣ ከጉራራ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የመጣችሁ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ጭቃውን ረግጣችሁ የወረዳችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ይህን በስልካችሁ የምታነቡ ወጣቶችም እንዲሁ። ሰኔ ነው፣ ዝናብ ነው፣ የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ ደግሞ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ኢዜማ በዚህ ወር መጨረሻ መሪውን ይመርጣል። ፉክክሩ በፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋና በአንዱዓለም አራጌ መካከል ነው። እኔ የቆምኩት ድምፃችሁን ለአንዱዓለም እንድትሰጡ ልለምናችሁ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ከፕሮፌሰር ብርሃኑ ጋር ፀብ የለኝም። ይሄን የምለው ለወጉ አይደለም። በ1997 ይህች ከተማ 138 መቀመጫ ካለው ምክር ቤቷ 137ቱን ለቅንጅት ስትሰጥ፣ ተመራጮቹ ከንቲባችን ይሁኑ ያሏቸው እሳቸውን ነው። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ቃሊቲ ወረዱ። ከእስር ሲወጡ ስደት፣ በሌሉበት የሞት ፍርድ፣ ከዚያም የኤርትራ በረሃ። አሜሪካ ውስጥ የተደላደለ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ትቶ በረሃ የወረደን ሰው፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ በስልክ የሚሳደብ ልጅ ካለ ከእኛ ገጽ ይውረድልን። አንዱዓለምን የምንደግፈው ሌላውን በማዋረድ ከሆነ ከወዲሁ ተሸንፈናል።

ጥያቄው የሰውየው ማንነት አይደለም። ጥያቄው ወንበሩ ነው።

ግንቦት 2011 ሰባት ፓርቲዎች ከስመው ኢዜማ ሲመሠረት፣ ለአገራችን ፖለቲካ እንግዳ የሆነ ነገር ይዞ መጣ። የመሪውንና የሊቀመንበሩን ሥራ ለየ። ሊቀመንበሩ ድርጅቱን ይመራል፤ ወረዳ ያደራጃል፣ አባል ይይዛል፣ ቢሮ ያስከፍታል። መሪው ግን ፊቱን ወደ መንግሥት ያዞረ ነው። አማራጭ ፖሊሲ ይዞ መንግሥትን ይሞግታል፤ ምርጫ መጥቶ ፓርቲው ቢያሸንፍ ደግሞ አገር የሚመራው እሱ ነው። ትይዩ ካቢኔ የሚባለውም ነገር ከዚሁ የመጣ ነው። ይህን አሠራር ያመጣነው እኛው ነን፤ ማንም አልጫነብንም።

ታዲያ ከመስከረም 2014 ጀምሮ መሪያችን የትምህርት ሚኒስትር ናቸው። ሹመቱ ከፓርቲው ጀርባ የተደረገ አይደለም፣ እሱን አልልም። አገሪቱ ጦርነት ላይ ነበረች፣ ብዙዎቻችንም «ይሁን፣ አገር ትቅደም» ብለናል። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱን ገልጣችሁ አንቀጽ 76ን አንብቡት። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው ይላል። እንግዲህ አንድ ሰው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪ ሆኖ፣ ያንኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ ተፎካካሪው አድርጎ እንዴት ይኖራል? ጠዋት ካቢኔ ውስጥ እጁን አውጥቶ ያሳለፈውን ውሳኔ ከሰዓት በኋላ በመግለጫ ሊተች? ይሄ ለመልአክም ይከብዳል። ስለ አንድ ሰው ድክመት እየተናገርኩ አይደለም። ቦታ ብንለዋውጥ እኔም ዝም እላለሁ፣ እናንተም ዝም ትላላችሁ። ካቢኔ ማለት እንደዚያ ነው።

ዝምታው ደግሞ ዋጋ አለው። ሰኔ 11 ምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ የሆነውን ሰምታችኋል። ሕፃናት፣ እናቶች፣ አዛውንቶች፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በአንድ ቀን አለቁ። አማራ ናችሁ ተብለው ነው የተገደሉት። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ሥራው አንድ ነው። ወጥቶ «የዜጎችን ሕይወት መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው፣ መንግሥት ይህን አልተወጣም፣ ማን ይጠየቃል?» ማለት። ስሙን ጠርቶ፣ ሳይለሳለስ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ከሚጠየቁት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የለበትም። የዜግነት ፖለቲካ ብለን የተነሳነው እኮ ለዚህ ነው። ዜጋ የትም ይኑር የት፣ ወለጋም ይሁን መተከል፣ በስሙና በቋንቋው ሳይሆን በሰውነቱ ይጠበቅ ብለን።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነው። ሾላ ገበያ ዘይትና ሽንኩርት ስትጠይቁ የምትሰሙትን እኔ አልነግራችሁም። ከእንጦጦ ቁልቁል ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ የምትወርደዋ እናት ዛሬም አለች። ተራራው ላይ የሚያምር ፓርክ ተሠርቷል፣ ጥሩ ነው፣ እኔም ሄጄ አየር ስቤበታለሁ። እሷ ግን በፓርኩ አጥር ሥር ነው የምታልፈው። ጉብታው ላይ ከተማው ሁሉ ከታች ተዘርግቶ ይታያል፤ የእሷ ዓይን ግን መሬት መሬት ነው፣ ሸክሙ ቀና አያስብላትም። ለእሷ የሚናገር ፓርቲ ማን ነው? ብልጽግና ነው እንዳትሉኝ፤ እሱ የሠራውን ሊያስመርቅ ነው የሚናገረው። የጎደለውን የሚቆጥር ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ኢዜማ ይህን ሥራ ያውቅበት ነበር። ነሐሴ 2012ን አስታውሱ። በአዲስ አበባ ስለ መሬት ወረራና ስለ ኮንዶሚኒየም እደላ ጥናት አዘጋጅቶ ለሕዝብ ሊያቀርብ ሲል መግለጫው ተከለከለ። ተከለከልን ብሎ አልተቀመጠም፤ ወደ ገዛ ቢሮው ሄዶ ጥናቱን አወጣው። ያን ጊዜ ኮተቤና አያት ያለው ሰው፣ ለኮንዶሚኒየም ዓመታት ሲቆጥብ የኖረ ሰው፣ «አሃ፣ የሚጠይቅልኝ አለ ማለት ነው» አለ። እኔ ስለ ኢዜማ ከማንም በላይ የኮራሁት ያን ሳምንት ነው። እስቲ እውነቱን ተነጋገሩ፣ ዛሬ እንዲህ ያለ ጥናት ብናወጣ መሪያችን ከየትኛው ወገን ሆነው ነው የሚያነቡት? ከአጥኚው ወይስ ከተጠኚው?

ውጭ አገርም ሄዳችሁ ብታዩ ነገሩ አንድ ነው። ዚምባብዌ ውስጥ ሞርጋን ቻንጊራይ ሙጋቤን ለዓመታት ሲታገል ኖሮ በ2009 እ.ኤ.አ. በጥምር መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ2013ቱ ምርጫ ሙጋቤ ከ60 በመቶ በላይ አግኝቶ አሸነፈው። ምርጫው የተጭበረበረ ነው ተብሏል፤ ይሁን እንጂ ሕዝቡ «ተቃዋሚው የቱ ነው፣ መንግሥቱ የቱ ነው?» እስኪል ድረስ ነገሩ ተደበላልቆበት ነበር። እንግሊዝ ደግሞ ማጭበርበር የለ ምን የለ፣ ሊበራል ዴሞክራቶች በ2010 በ57 መቀመጫ ተጣማሪ ሆነው መንግሥት ገቡ፣ በ2015 ስምንት ብቻ ይዘው ወጡ። እኛ ፌዴራል ፓርላማ ውስጥ ያለን አራት መቀመጫ ነው። ከአዲስ አበባ አንድም የለም። ከአራት ላይ ሲቀነስ ምን እንደሚቀር ሂሳቡን ለእናንተ እተዋለሁ።

አሁን ስለ አንዱዓለም። ይህን ልጅ የምታውቁት አብዛኞቻችሁ በእስሩ ነው። መስከረም 2004 የአንድነት ፓርቲ አመራር ሳለ ታሰረ። በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሶ ሐምሌ 2004 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የካቲት 2010 ተፈታ። ስድስት ዓመት ከአምስት ወር። እስር ቤት ሆኖ «ያልተሄደበት መንገድ» የሚለውን መጽሐፉን ጻፈ። እስኪፈታ ድረስ ደግሞ ከሰላማዊ ትግል ፍንክች አላለም። የእኔ ትውልድ በዚያ ዘመን ሁለት መንገድ ነበር ያለው፤ ወይ ተስፋ ቆርጦ ስደት፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ በረሃ። እሱ ሁለቱንም አልወሰደም። እዚሁ ነበር።

«እስር ቤት መግባት ለመሪነት ምስክር ወረቀት አይደለም» የሚል አለ። ልክ ነው። አይደለም። የታሰረ ሁሉ መሪ ቢሆን ኖሮ ቃሊቲ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ነገር ግን እኛ የምንፈልገው ሥልጣን ላይ ላለ ሰው «አይሆንም» ማለት የሚችል መሪ ነው። ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ቃሉን ያላጠፈ ሰው፣ ነገ በሹመት ወይም በማስፈራሪያ ያጥፋል ብዬ አላስብም። ይህ ምስክር ወረቀት ባይሆን እንኳ ማስረጃ ነው።

ሌላም የምሰማው አለ። «እሱም እኮ ምክትል መሪ ነበር፣ ፓርቲው መንግሥት ውስጥ ሲገባ የት ነበር?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለእሱ ያለኝ ፍቅር ይህን ጥያቄ እንድደብቅ አያደርገኝም። ፊት ለፊት ጠይቁት። ቢመረጥ በፓርቲውና በመንግሥት መካከል ያለውን ግንኙነት ምን እንደሚያደርገው በግልጽ ያስረዳ። «እናያለን» ካላችሁ ዝም አትበሉት። የምትመርጡት ሰው እንጂ ታቦት አይደለም።

«ከሚኒስቴሩ አውጡልን ነው የምትሉት?» ለሚሉም መልሱ አይደለም ነው። ፕሮፌሰሩ ትምህርት ሚኒስቴርን ይሥሩ። የአገሪቱ ትምህርት የወደቀበትን ሁላችንም እናውቃለን፣ እሳቸው ያን ሥራ ከቻሉ አገር ታተርፋለች፣ እኛም እናጨበጭባለን። አንድ የፓርቲ አባል ሚኒስትር መሆኑ ፓርቲን አይገድልም። ፓርቲን የሚገድለው መሪው ሚኒስትር ሲሆን ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ቀላል ነው፣ ገበያ ላይ ቆማችሁ ብታስረዱት የሚገባ ነገር ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። የሚያስፈራኝ አንዱዓለም መሸነፉ አይደለም። የሚያስፈራኝ ማግስቱ ነው።

የእኛ አገር ፓርቲ የሚሞተው በገዢው ፓርቲ እጅ ብቻ አይደለም። በመሪ ምርጫ ማግስት ነው የሚሞተው። ቅንጅትን እዩት። በ1997 አራት ፓርቲ ሆኖ ተነሳ፣ ሕዝቡ ነፍሱን ሰጠው። ሰኔ ላይና ጥቅምት ላይ 193 ሲቪሎች በጥይት ወደቁ፤ ይህን የነገረን መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የእናንተ ዕድሜ ነበሩ። መሪዎቹ ሐምሌ 1999 ከእስር ወጡ፣ ከተማው በደስታ ወጣ። ከዚያስ? ወራት አልቆየም። ማን ሊቀመንበር ነው፣ ማን ማንን አባረረ፣ ማህተሙ ማን ጋ ነው። ማህተም! በእኛ አገር ፖለቲካ ከሕዝብ ድምፅ ይልቅ የሚያጣላ ነገር ቢኖር ያች ክብ ጎማ ናት። በመጨረሻ ስሙ በምርጫ ቦርድ ለሌላ ተሰጠ፣ ቅንጅት የሚባለው ነገር ተበተነ።

ከፍርስራሹ አንድነት ተወለደ፣ ብርቱካን ሚደቅሳ መሩት። (ዛሬ ራሳቸው ምርጫ ቦርድን ይመራሉ፤ ጊዜ ደጉ!) እሱም ጥር 2007 በአመራር ውዝግብ መሃል ቦርዱ ለአንደኛው ወገን ሰጠውና አለቀ። ሰማያዊም በተራው የድርሻውን ቀምሷል። ቦርዱ በዚያ ዘመን የማን እንደነበር እናውቃለን፤ ግን ገብቶ የሚቆርስበትን ስንጥቅ የከፈትንለት እኛው ነበርን። ሁለት ጉባኤ፣ ሁለት ቃለ ጉባኤ፣ ሁለት ሊቀመንበር። ቦርዱ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ብቻ ነበር የቀረው።

ስለዚህ ለአንዱዓለም ደጋፊዎች፣ ማለትም ለራሴ ሰዎች፣ አስቀድሜ የምናገረው አለ። ብንሸነፍ አዳራሹን ረግጦ የሚወጣ አንድ ሰው እንዳላይ። ማታውኑ በፌስቡክ «ተሰርቀናል» የሚል ጽሑፍ እንዳላይ። ቅሬታ ካለ በጽሑፍ፣ ለጉባኤው፣ በሥርዓቱ ይቅረብ። ፕሮፌሰሩን ሄዳችሁ ጨብጧቸው። ብናሸንፍ ደግሞ እጥፍ ጨብጧቸው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተፎካክረው፣ አንዱ አሸንፎ፣ ሁለቱም በማግስቱ እዚያው ፓርቲ ውስጥ ቢገኙ፣ በእኛ አገር የተቃዋሚ ፓርቲ ታሪክ ይህ ብቻውን ዜና ነው።

አንድ በሽታ ደግሞ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አለ። «እኔ ከግንቦት ሰባት ነኝ፣ እሱ ከአንድነት ነው፣ ያ ሰማያዊ ነበር።» ወገኖቼ፣ እነዚህ ፓርቲዎች ከስመዋል እኮ። ያ መታወቂያ ጊዜው አልፎበታል። በዘር አንመርጥም ብለን ተነስተን በድሮ ፓርቲ ብሔር ብንመርጥ ምን ለወጥን? ከግንቦት ሰባት የመጣችሁ፣ በተለይ ኤርትራ በረሃ የነበራችሁ፣ ለፕሮፌሰሩ ያላችሁ ፍቅር ይገባኛል፣ አከብረዋለሁም። ፍቅራችሁን ያዙት። ድምፃችሁን ግን ለወንበሩ ለሚመጥነው ስጡ። ከአንድነት የመጣችሁም አንዱዓለምን የምትመርጡት የድሮ ጓዳችሁ ስለሆነ ብቻ ከሆነ ምክንያታችሁ ልክ አይደለም፤ የተናገርኩትን መዝኑና ካሳመናችሁ ምረጡት።

«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይሠራል?» ለምትል እህቴ ደግሞ ይህን ልንገርሽ። መጋቢት 2010 ይህች አገር ሁሉ በየቤቱ ቴሌቪዥን ከፍታ ስትጠብቅ፣ የኢሕአዴግ ምክር ቤት በር ዘግቶ ሊቀመንበሩን መረጠ። ዐቢይ አሕመድ የተመረጡት በ108 ድምፅ ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ 108 ሰው። እኛ ያን ቀን ውጭ ሆነን ወሬ ነበር የምንጠብቀው። አሁን አዳራሹ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ። ቀጣዩ ምርጫ 2018 ላይ ነው፤ የኮተቤና የካራ ሰው ያን ጊዜ ድምፅ መስጫ ጣቢያ ሲሰለፍ ከፊቱ የሚያገኘውን ሰው ዛሬ የምትወስኚለት አንቺ ነሽ። ባለፈው ዓመት ሰኔ 14 ሰዉ ብርድና ዝናብ ሳይል እስከ ሌሊት ተሰልፎ ነበር፤ ለእነዚያ ሰዎች ዕዳ አለብን።

ወጣቶች፣ በስልክ የምትከታተሉ፣ የእናንተም ሥራ አለ። ከየሰፈራችሁ የሚሄደውን ተወካይ ፈልጉት። ጎረቤታችሁ ነው፣ ምናልባት የአባታችሁ ጓደኛ ነው። ቤቱ ሂዱ፣ ጋሼ ወይም እትዬ በሉ፣ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩ። በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ስም እየጠራችሁ አታሸማቅቁ፣ ስልክ ቁጥር አትለጥፉ፣ «ባንዳ» የምትለዋን ቃል እባካችሁ ለጊዜው አሳርፏት። በስድብ የተመለሰ ድምፅ እስካሁን አላየሁም። ቡና እየጠጡ የተመለሰ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ተወካዮች፣ ጥቂት የሥራ ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። መታወቂያችሁንና የውክልና ደብዳቤያችሁን ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንድ ቦታ አስቀምጡ፤ «ደብዳቤህ የለም» ተብሎ በር ላይ የሚቀር የየካ ሰው እንዳይኖር። ምዝገባው ላይ ቀድማችሁ ተገኙ፣ ምልዓተ ጉባኤው ሲቆጠር አዳራሽ ውስጥ ሁኑ። ውሎ አበልና ትራንስፖርት የሚባለውን ከፓርቲው ካልሆነ ከማንም አትቀበሉ፣ ከእኛም ቢሆን። ድምፅ ሲሰጥ ማንም ወረቀታችሁን አይይላችሁ፣ እናንተም የሌላውን አትዩ። ቆጠራው ፊት ለፊት ይሁን በሉ፣ ቁጥሩ በቃለ ጉባኤ ሲሰፍር አዳምጡ፣ የተሰማውና የተጻፈው አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ምሳ ሰዓት ላይ «ቡድኑ እንዲህ ወስኗል» ብሎ ወደ ጆሮ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ «እሺ» በሉትና ምሳችሁን ብሉ። ስብሰባው ቢመሽም አትውጡ፤ ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚደረገው ሰዉ ታክሲ ፍለጋ በወጣበት ሰዓት ነው። ከካራና ከጉራራ ለምትሄዱት መመለሻ መኪና ልጆቹ እየፈለጉ ነው፣ ስማችሁን ስትወጡ በር ላይ ላለው ወንድማችን አስመዝግቡ።